አፉ ያልኩት ሰው

ይህን ነገር ከእኔ አፍ የሰማ ሰው የለም። ሚስቴ አልሰማችም። የነፍስ አባቴም አልሰሙም። በየዓመቱ ጾም ሲገባ እፊታቸው ቀርቤ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ስንፍናዬን አንድ በአንድ ስናገር ይህን አንዱን እዘለዋለሁ። "ሌላስ የለም ወይ ልጄ?" ይሉኛል። "የለም አባቴ" እላለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉኛል፤ ሳልፈታ ተነስቼ እሄዳለሁ።

አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። የመርሳ ሰው ከሆንክ ግን አንተ ታውቀኛለህ። ውሃችንን የመለሰልን ደምሴ የምትሉት እኔ ነኝ። ሠርጋችሁ ላይ ስመጣ ከአባቶች ጎን የምታስቀምጡኝ፣ እናቶቻችሁ መንገድ ላይ አስቁመው የሚመርቁኝ እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ምርቃት አሜን ብዬ ተቀብያለሁ። አንዱም የእኔ አልነበረም።

ሙያዬ ፓምፕ ነው። ውሃን ከጥልቅ ጉድጓድ ስቦ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገፋውን ሞተር፣ ጀኔሬተሩንና ኤሌክትሪኩን የምጠግን ሰው ነበርኩ። ጉባ ላፍቶ ተወልጄ፣ ወልድያ ተምሬ፣ መርሳ ሥራ ያዝኩ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት ከተማው ውስጥ ውሃ እየሰፋ ነበር። አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ቧንቧው ከአስፋልቱ ዳር ተነስቶ ወደ ውስጥ ሰፈሮች ተዘረጋ፤ ከወንዝ ይቀዱ ለነበሩ ሰዎች ቦኖ ተተከለላቸው። የመጀመሪያው ቀን ውሃው አየር እየተፋ፣ እያስነጠሰ ሲመጣ ሴቶቹ እየሳቁ ወደ ኋላ ይሸሹ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሥራዬን የወደድኩበት ጊዜ የለም።

ከጤና ሠራተኞቹ ጋር ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰውን የማሳምነውም እኔው ነበርኩ። "የጓሮ ጉድጓዳችሁን ድፈኑት" እላለሁ። "ከሽንት ቤታችሁ ጋር ተጠጋግቷል፤ ክረምት ሲመጣ ቆሻሻው እየሰረገ ይገባበታል። ከእንግዲህ ቦኖ አላችሁ።" ምክሩ ስህተት አልነበረም። ዛሬም ብጠየቅ እሱኑ እመክራለሁ። ነገር ግን ሰው ጉድጓዱን የሚደፍነው ቧንቧውን አምኖ ነው። ቧንቧውን የሚያምነው ደግሞ የቧንቧውን ሰው አምኖ ነው።

እኔን አምነው ከደፈኑት አንዱ ጋሽ ይመር ነበሩ።

ጋሽ ይመር የፓምፕ ጣቢያችን ጥበቃ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። ከአንዱ የቧንቧ መጋጠሚያ ስር የምትንጠባጠብ ውሃ ነበረች፤ በእሷ ቃሪያና ጎመን ያበቅላሉ። መፍቻ ይዤ ወደዚያ ስጠጋ "ኧረ ደምሴ ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ጠግን፣ ያችን ግን ለእኔ ተውልኝ!" ይሉኛል። እተውላቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቃሪያውን በጋዜጣ ጠቅልለው ለሚስቴ ይልኩላታል።

የጓሯቸውን ጉድጓድ በጎረምሳነታቸው በገዛ እጃቸው ነበር የቆፈሩት። በደፈኑት ዕለት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የመጨረሻውን አካፋ አፈር መልሰው፣ በእግራቸው ጠቅጥቀው፣ "እንግዲህ ቧንቧህ ቢከዳኝ የማውቀው አንተን ነው" አሉኝ እየሳቁ። "እኔ እያለሁ አይከዳዎትም" አልኳቸው። እኔም እየሳቅሁ ነበር።

ጦርነቱ እኛ ጋ የደረሰው በክረምት ነው። በመጀመሪያ ከቆቦ በኩል ሰው መፍሰስ ጀመረ፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ሕፃን ያዘለ። ወልድያ ተያዘች ሲባል የመርሳም ግማሹ ሰው ወጣ። ሚስቴንና ልጆቼን አይሱዙ ላይ አሳፍሬ ወደ ደሴ ሰደድኳቸው። እኔ ቀረሁ። ሚስቴ እያለቀሰች "ለማን ብለህ ነው?" ስትለኝ "ውሃውን ለማን ጥዬ?" አልኳት። ይህ እውነት ነበር። እመነኝ፣ የዚያን ቀን እውነት ነበር። የዚያን ቀኑን ደምሴ ብሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

መብራት ጠፋ። በነበረችን ናፍጣ ጀኔሬተሩን ጥቂት ጊዜ አሠራነው፤ እሷም አለቀች። ታጣቂዎቹ ከተማውን ያዙና ዝርፊያው ተከተለ። የጤና ጣቢያው አልጋ፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ የሰው ፍሪጅ ሳይቀር መኪና ላይ ሲጫን ደጃችን ቆመን አየን። ነገ የእኔ ጣቢያ እንደሚሆን አወቅሁ።

ፓምፑን የሚያስነሳው አንድ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ነው፤ እኛ ቦርድ እንለዋለን። እሱ ከሌለ ጀኔሬተርም ይኑር፣ ናፍጣም ይኑር፣ ከጉድጓዱ ጠብታ አይወጣም። ግድግዳ ላይ ሲያዩት ግን ውድ ዕቃ ይመስላል፤ የሚዘርፍ ሰው አያልፈውም። ከወሰዱት ደግሞ ምትክ እስኪመጣ ከተማው በጥም ያልቃል። ስለዚህ ቀድሜ ልደብቀው ቆረጥኩ። ለጋሽ ይመር አልነገርኳቸውም። ያላወቁትን ነገር ማንም ደብድቦ ከአፋቸው አያወጣውም ብዬ ነው። ይህም ያኔ እውነት ነበር። አየህ፣ ኃጢአቴ ሲጀምር ኃጢአት አልነበረም። ለዚህ ነው ሲያድግ ያላየሁት።

አርብ ቀን ጋሽ ይመር ለጁምዓ ሶላት ወደ መስጊድ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። የጣቢያው ቁልፍ በኪሴ ነው፤ ነገር ግን በቁልፍ ብከፍተው የውስጥ ሰው ሥራ ይመስላል ብዬ ጓጉንቸሩን በብረት ሰበርኩት። ሽቦዎቹን ፈታሁ። ቦርዱን በማዳበሪያ ጆንያ ከትቼ፣ ከላዩ ገለባ ጎስጉሼ፣ እንደ ከብት መኖ ተሸክሜው ቤቴ ገባሁ። ማድቤት ውስጥ ከበቆሎ አገዳው ክምር ስር ቀበርኩት። ማንም አላየኝም።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ይመር እየሮጡ መጡ። ነጠላ ጫማቸው አንዱ እግራቸው ላይ የለም።

"ደምሴ! ጉድ ሆነናል! ሰብረው ገብተዋል!"

ተከትያቸው ሮጥኩ። የገዛ እጄን ሥራ እንደ እንግዳ ቆሜ አየሁት፤ ባዶውን ግድግዳ፣ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች። እሳቸው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "በሩን ጥዬ ሄጄ ነው። ያ ረቢ! እዚሁ ሆኜ ብሰግድ ምን ነበረበት?"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። "እኔ ነኝ ጋሽ ይመር፣ ደብቄው ነው" ማለት። ጆሯቸው አጠገብ ጎንበስ ብዬ ብነግራቸው ይስቁ ነበር፤ የማይቀልዱብኝ ቀልድ አይኖርም ነበር። እኔ ግን "ይተዉት፣ እርስዎ ቢኖሩ ይገድሉዎት ነበር እንጂ አያስጥሉትም" አልኳቸው። ያጽናናኋቸው መስሎኝ ነበር። ልብ በል፣ አላጠፉም አላልኳቸውም። ጥፋቱን ይቅር ባይ ሆኜ ነው የተናገርኩት። ጥፋታቸው ምን ነበር? ፈጣሪያቸውን ማምለካቸው?

እዚህ ድረስ ያለውን ምናልባት ይቅር ትለኝ ይሆናል። ቀጥለህ ስማ።

የከተማው ሽማግሌዎች ሼህ አሊና መምሬ ካሳ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቤቴ ድረስ መጡ። ሁለቱም ከታጣቂዎቹ አዛዥ ዘንድ ሄደው ለምነው ነበር። አዛዡ "ጠጡ፣ እኛም እንጠጣለን፤ ባለሙያችሁን አምጡ" ብሏቸዋል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መሬት ቀብሮ ያተረፈውን ናፍጣ ሊሰጥ ቃል ገብቷል። የአይሱዙ ሾፌሮችም በየቤታቸው የደበቁትን አዋጥተዋል። ሽማግሌዎቹ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ከጀርባቸው ባለው ግድግዳ ማዶ ቦርዱ አገዳ ስር ተኝቶ፣ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ባለሙያው አንተ ነህ" አሉ ሼህ አሊ። "ያለ ቦርዱ አንድ መላ አይገኝለትም ወይ? ሰው ከወንዝ እየጠጣ ነው።"

"መላ የለውም አባቴ" አልኩ።

"ከሌላ ቦታ ተፈልጎ፣ ተጠጋግኖ..." አሉ መምሬ ካሳ።

"የለውም።"

ለምን? ለምን እንዲህ አልኩ? ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅሁ። ፈርቼ ነበር። ፓምፑን ባስነሳ ታጣቂዎቹም ይጠጡታል፤ ነገ ሌላው ወገን ሲመለስ ለጠላት ውሃ ያጠጣ እባላለሁ። በዚያ ወራት ባንዳ የሚለው ቃል ከጥይት እኩል ነበር። ደግሞ ሙያ እንዳለኝ ካዩ ይዘውኝ ይሄዳሉ ብዬም ፈራሁ። እነዚህን ሁለቱን ለሰው ብናገር ሰው ይረዳኛል። ሦስተኛውን ግን የሚረዳኝ የለም። ቦርዱን ካወጣሁት ጓጉንቸሩን የሰበርኩት እኔ መሆኔ ይታወቃል። ጋሽ ይመር መሬት ተቀምጠው ሲያለቅሱ ቆሜ ያየኋቸው እኔ መሆኔ ይታወቃል። አፈርኩ። አንባቢዬ፣ ከጥይትም ከእስርም በላይ ያሰረኝ እፍረት ነው። አንድ ከተማ ሰው በእኔ እፍረት ምክንያት የወንዝ ውሃ ጠጣ።

ሽማግሌዎቹ መርቀውኝ ወጡ።

የክረምት ወንዝ ታውቃለህ። ከላይ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከላይ ምን እንደነበር እግዜር ያውቃል። ሰው አሸዋ ጭሮ፣ በነጠላ አጥልሎ ይቀዳል። አፍልቶ እንዳይጠጣ እንጨት የለም፤ ወደ ጫካ የሄደ በጥይት ይቀራል። ተቅማጥና ትውከት በየቤቱ ገባ። መጀመሪያ ሕፃናት፣ ከዚያ አዛውንቶች። ሐኪም ሸሽቷል፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው። እኔስ? እኔ አገዳ ነበረኝ። ቦርዱን ከሸፈንኩበት ክምር ከላይ ከላይ እያነሳሁ ውሃዬን አፍልቼ እጠጣ ነበር። ቦርዱ እንዳይታይ ግን የታችኛውን አልነካም።

የጋሽ ይመር ልጅ ዘይነባ ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ከጦርነቱ ትንሽ ቀደም ብላ መጥታ ነበር። በዚያ ሁሉ መሐል ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ጋሽ ይመር ከዚያ አርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ግን የአራስ ቤት ውሃ ይፈልጋል። ለመጠጥ፣ ለአጥሚት፣ ለገላ፣ ለጨርቅ። የጓሮው ጉድጓድ ተደፍኗል። ቦኖው ደርቋል። ሚስታቸው እቴ ፋጡማ ማሰሮዋን ይዛ ወንዝ ወረደች።

ዘይነባ ታመመች። አንድ ከሰዓት ጋሽ ይመር በሬን አንኳኩ። ፊታቸው ሌላ ሰው ሆኗል።

"ዘይነባ አልቻለችም" አሉኝ። "የሰጠናትን ሁሉ ትመልሰዋለች። ምናልባት ንጹሕ ውሃ ብታገኝ... የፈላ ካለህ ብዬ ነው።"

ያለችኝን የፈላ ውሃ በጀሪካን ሰጠኋቸው። ተቀብለው አልሄዱም፤ ቆመው አዩኝ።

"አላህ ይስጥህ። አንተስ ምን ልትጠጣ ነው?"

እኔስ ምን ልጠጣ ነው። እንዲህ ነበር ያሉኝ። ልጃቸው እየሞተች ስለ እኔ ጥም የጠየቁኝ እኚህ ሰው ናቸው።

ከሄዱ በኋላ ማድቤት ገባሁ። አገዳውን ወደ ጎን ገፋሁ። ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁ፣ አፉን ፈታሁት፣ ቦርዱ ደረቅና ደህና መሆኑን አየሁ። ይዤው ወደ ሼህ አሊ ብሮጥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ይመጣ ነበር። ናፍጣው ተዘጋጅቷል። ፈቃዱ ተገኝቷል። ተነስቼ ቆምኩ። አሁን በመንገዱ ላይ የታጣቂ መኪና መጣ፣ ተኩስ ተሰማ ብል ታምነኛለህ፤ ጦርነት ነውና። ግን መኪና አልመጣም። ተኩስ አልተሰማም። ማንም አልከለከለኝም። ጆንያውን መልሼ አሰርኩት፣ መልሼ አስተኛሁት፣ አገዳውን መልሼ ጫንኩበት። እኔ ነኝ ያደረግሁት። በዚህ በሁለት እጄ።

ዘይነባ በማግሥቱ ሞተች።

ሐኪም አይደለሁም። ውሃው ብቻ ነው ወይ የገደላት? መድኃኒቱ ባይዘረፍ፣ ሐኪሙ ባይሸሽ፣ መንገዱ ባይዘጋ ትድን አልነበረም ወይ? ትድን ይሆናል። በእሷ ሞት ብዙ እጅ አለበት፤ እኔ ግን ስለ ራሴ እጅ ነው የምናዘዘው።

ጀናዛዋን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ቀብር ላይ ጋሽ ይመር አላለቀሱም። አፈሩ ሲመለስ ቀስ ብለው "ለአንድ ሶላት" ብቻ አሉ፤ ለማንም አልነበረም የተናገሩት። ከአጠገባቸው የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሰማሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ሕፃኗን አንዲት ጎረቤት ያለች ክርስቲያን እመጫት ከራሷ ልጅ ጋር አጠባቻት፤ ስሟን ከድጃ አሏት።

ክረምቱ አልፎ፣ መኸሩም አልፎ፣ ብርዱ ሲገባ ታጣቂዎቹ ለቀው ወጡ። ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር የተቃጠለ መኪና ቆሞ ነበር። ከእሱ አጠገብ ቦይ ውስጥ ቦርዱን አገኘሁት ብዬ ለሰው ተናገርኩ። ጆንያውን ሌሊት እስከዚያ ተሸክሜ ሄጄ፣ ሲነጋ ከዚያ ተሸክሜ ተመለስኩ፤ ያየኝ ሁሉ እየጮኸ ተከተለኝ። ጭቃ እንኳን የቀባሁት እኔ ነኝ። ናፍጣው መጣ፤ ፓምፑ ተነሳ። ቦኖዎቹ አየር እየተፉ፣ እያስነጠሱ ውሃ ሰጡ። ሰው እልል አለ። ተሸከሙኝ። ሼህ አሊ ዱዓ አደረጉልኝ፣ መምሬ ካሳ በመስቀላቸው ባረኩኝ። ጋሽ ይመር በሰው መሐል አልፈው መጥተው ግንባራቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

"ከእኔ እጅ የጠፋውን አንተ መለስከው" አሉኝ።

ዝምታዬን ትሕትና አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ለእኔ ተቃኑ። ወልድያ አዛወሩኝ፤ የወጣት ባለሙያዎች አሠልጣኝ ሆንኩ። በወረዳችን በሐብሩና በአካባቢው የፈረሰው ተጠገነ፤ ሥራውም ከቀድሞው እየሰፋ ሄደ። አዲስ መስመር ወደ ግራና ገጠሮች ሲገባ፣ ትምህርት ቤቶች የእጅ መታጠቢያ ሲሠራላቸው፣ በየምርቃቱ ንግግር አድርግ የምባለው እኔ ነኝ። "በክፉ ቀን ውሃን ያልተወ ባለሙያ" ብለው ያስተዋውቁኛል። ሰው ያጨበጭባል።

ለጋሽ ይመርስ? ማንም አላባረራቸውም፤ ራሳቸው ጥበቃውን ተዉት። "በር ጥሎ የሚሄድ ሰው ምን ጥበቃ ነው" ብለው። መርሳ ላይ አንድ ክፉ አባባል ተለመደ። ሰው በቸልታው ዕቃ ሲጠፋበት "በይመር ሶላት ሄደ" ይባላል። ገበያ ላይ ሰምቼዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ሲሳቅበት ሰምቼ አብሬ ፈገግ ብያለሁ። እሳቸውም ይሰሙታል። አንድ አህያ ነበረቻቸው፤ በእሷ ጀሪካን እየጫኑ አራስ ያለችበት ቤት ሁሉ ውሃ ያደርሳሉ። ዋጋ አይቀበሉም። መርሳ በሄድኩ ቁጥር መንገድ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ አህያዋን አቁመው በሁለት እጃቸው ይጨብጡኛል። ስንት ጊዜ? ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ አፌን ከፍቼ ስለ ልጆቼ ጤንነት አወራሁ?

ባለፈው በጋ ጋሽ ይመር ታመው ወልድያ ሆስፒታል ገቡ። እቴ ፋጡማ ደወለችልኝ። "ጋሽህ ይፈልግሃል፤ ዛሬውኑ ና" አለችኝ። ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ትንሽ ሆነው ተኝተዋል። ከድጃ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ሙዝ ትልጥላቸዋለች፤ እሳቸው መብላት እንደማይችሉ ገና አልገባትም። እጄን ያዙኝ።

"ደምሴ ልጄ" አሉ፣ "አፉ በለኝ።"

የወሎ ሰው ካልሆንክ ልንገርህ፤ በእኛ አገር ይቅር በለኝ ማለት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲህ ይላል። ሰው ሊሞት ሲል የበደለውን ሁሉ አስጠርቶ አፉ ይባባላል፤ ያለዚያ ነፍሱ አትቀልለውም።

"ምን አጠፉ ጋሽ ይመር?" አልኩ። አውቄ ነው የጠየቅሁት።

"ቤተሰብህን ሰደህ፣ ነፍስህን አስይዘህ ለውሃው ቀረህ። እኔ አደራህን በላሁ። ዘይነባን እዚያ ስሄድ አገኛታለሁ፤ እሷን እዚያው አፉ በይኝ እላታለሁ። አንተን ግን እዚሁ ሳለሁ ነው። አፉ በለኝ ልጄ።"

እቴ ፋጡማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። እዚያው ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። እኔ ግን እንዲህ አልኩ።

"አፉ ብዬዎታለሁ።"

"ከልብህ?"

"ከልቤ።"

"አልሀምዱሊላህ" አሉ። እጄን ለቀቁት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ሌሊት አረፉ።

ሰማኸኝ? የበደልኩት ሰው ስለ እኔ በደል ይቅርታ ለመነኝ፤ እኔም ይቅር አልኩት። ቦርዱን መደበቄን ፍርሃት ነው ልበል። ለሽማግሌዎቹ መዋሸቴን እፍረት ነው ልበል። ይህንንስ ምን ልበለው? የሰይጣን ሥራ ነው ልል ፈለግሁ፤ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ከሰው በቀር ማንም አልነበረም።

አንዳንዱ አንባቢ ለእኔ አዝኖ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ "ቢያንስ በሰላም እንዲሞቱ አድርገሃል፤ እውነቱን ብትነግራቸው ምን ይጠቅማቸው ነበር?" እኔም ለራሴ ይህን ብዬ ለብዙ ወራት ተኝቻለሁ። ውሸት ነው። እውነቱን ብነግራቸው ልጃቸውን እንዳልገደሉ አውቀው ይሞቱ ነበር። ይረግሙኝ ነበር፤ ግን ቀና ብለው። እኔ የሰጠኋቸው ሰላም የወንጀለኛ ሰላም ነው። እሳቸው ወንጀለኛ አልነበሩም።

በዚህ ሳምንት ሼህ አሊ ጋ ደወልኩ። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። "አርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ ደጅ ላይ ለሰዉ የምናገረው አለኝ፤ ይፈቅዱልኛል?" አልኳቸው።

"ስለ አዲሱ መስመር ነው?" አሉ በደስታ።

"ስለ ውሃ ነው አባቴ።"

"እንግዲያው ና ልጄ። ሰዉ አንተን ሲያይ ደስ ይለዋል።"

እሄዳለሁ። ደስታቸውን ላጠፋባቸው እሄዳለሁ። አፍ ባጣ፣ እንደ ልማዴ ስለ ልጆች ጤንነት ማውራት ብጀምር፣ ይህ ጽሑፍ ስለ እኔ ይናገር ብዬ አስቀድሜ ጻፍኩት። ይቅርታ አልለምንም፤ አፉ ሊለኝ የሚችለው ሰው አፈር ለብሷል። እቴ ፋጡማ ብትተፋብኝ አልጠርገውም። ሕግ ቢፈልገኝ ወልድያ ነኝ፤ አልሸሽም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ለእኔ አይደለም። ከመርሳ ከሆንክ፣ ያን አባባል ከእንግዲህ አትበለው። ሲባል ከሰማህም ዝም አትበል። ከድጃ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ልጆች አፍ ላይ ከምትሰማው በፊት እኔ ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ። አያቷ ሰግደው ሲመለሱ ያገኙትን ጓጉንቸር ማን እንደሰበረው፣ እናቷ በጥም ስትቃጠል ውሃው የት ተኝቶ እንደነበር፣ ይቅርታ የለመነው ማን፣ መለመን የነበረበት ማን እንደሆነ፣ ዓይኗን እያየሁ እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ የምትለኝን እሰማለሁ።